አክስቶቼን ድመት አድርጌ የሣልኩ ጊዜ

ሰው የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ እጁን ቢያጣጥፍ ምን ይጎድልበታል? እኔ የታዘዝኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የእቴቴን ሳሎን ኖራ መቀባት፣ ሁለተኛው አንኮበር ሄጄ እትዬ አስካለን ይዤ መምጣት። ሁለቱም የሚያቅቱ አይደሉም። ኖራውን ቀባሁ፤ እትዬ አስካለንም ይዤ መጣሁ። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ ዛሬ ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ገበታ ይበሉ ነበር፤ እኔም ይህን ተቀምጬ አልጽፍም ነበር። ማንም ሳያዘኝ ግን ሦስተኛ ጨመርኩበት። ሥዕል ሣልኩ። ያውም የድመት።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ሙያዬ ማስታወቂያ ጽሑፍ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባነር ማተሚያ ከመምጣቱ በፊት የተከፈተ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት ወይም ጎሚስታ ካያችሁ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የኔ ሊሆን ይችላል። በአንድ ነገር ትለዩታላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደሎች ደልደል ብለው ይቆማሉ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ግን በበዓል ዋዜማ ሚኒባስ እንደገባ ተሳፋሪ ይተፋፈጋሉ። ቦታ መለካት አይሆንልኝም። ጫጫ ላይ ለአንድ ሥጋ ቤት «ልዩ ጥብስ አለ» ብዬ ስጽፍ «አለ» ቦታ አጣችና የጎረቤት መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ አረፈች። ባለ መድኃኒት ቤቱ አልተቀየመም፤ ይህ መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ ወደ ግድግዳው ይጠቁም ነበር።

ባነር ማተሚያው ከተማችን ሲገባ ሥራዬ ቀዘቀዘ። ሰው መሣል ሞከርኩ። አንድ የመዘዞ ባለ ሀብት ምስላቸውን ሣልኩላቸው፤ ብዙ ተመለከቱትና «ጎበዝ ነህ፣ ወንድሜን ቁርጥ አድርገህ አስመሰልከው» አሉኝ። ወንድም እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ፊቴን ወደ ድመት ያዞርኩት። ድመት አፍንጫዬን አጣመምክ ብላ አትወቅስም፤ ዘመድ ሰብስባም አትመጣም። እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ድመቶቹን የምሥላቸው በድሮው ያገራችን ሥዕል ዓይነት ነው። አቡጀዲ ወጥሬ፣ ታሪኩን በየክፍሉ ከፋፍዬ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያስከተልኩ፣ ዓይኑን ተለቅ ጣቱን ረዘም አድርጌ። ድመቶቼ ጃኖ ለብሰው ግብር ይበላሉ፤ ፈረስ ጭነው አደን ይወጣሉ፤ አይጥ ተከሳ ችሎት ትቀርባለች፣ ዳኛውም ጠበቃዋም ድመት ስለሆኑ ፍርዱ ብዙ አያከራክርም። የነፍስ አባቴ መጥተው አይተው ነበር። «ልጄ፣ ቅዱሳኑን ብቻ አደራ» አሉኝ። አደራቸውን ጠብቄአለሁ። አንኮበር መንገድ ላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጥቂቶቹን ሰቀለልኝ፤ ፈረንጆቹ እየሳቁ ፎቶ ያነሷቸዋል ሲሉኝ ልቤ አበጠ። እንግዲህ በዚህ ልብ ነው ወደ እቴቴ ሳሎን የገባሁት።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። እትዬ አስካለ የእናቴ ታናሽ ናቸው፤ አንኮበር አባታቸው ቤት የቀሩት እሳቸው ናቸው፣ እንደ እንግዳ ስለማገኛቸው አንቱ እላለሁ። ሁለቱ ከአያቴ ተዝካር ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ምክንያቱ የአያቴ ጥቁር የሱፍ በርኖስ ነው። እቴቴ «አባባ ለኔ ነው የተናዘዘው» ትላለች። እትዬ አስካለ ደግሞ «ሲታመም ያለበስኩት እኔ፣ ሲሞት ከላዩ ያነሳሁት እኔ» ይላሉ። በዚህ መካከል ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ አለፈ፤ አንዷ በምትገኝበት ሌላዋ ትቀራለች። በርኖሱንም የሚለብሰው ሰው የለም፤ አንኮበር ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ለብል ይጠበቃል።

ለአንድ በርኖስ ነው ይህ ሁሉ ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ነገሩ ግን የሱፍ አይደለም። «አባታችን የትኛችንን አስበልጦ ይወድ ነበር?» ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምስክሩ ሞቷል።

ዘንድሮ እቴቴ ጉልበቷ እንቢ አላት። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጋሽ በላቸውን አስጠራቻቸው። ጋሽ በላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው፤ መሪ ከለቀቁ ወዲህ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው። «በርኖሱን ብትፈልግ ትቅበረው» አለቻቸው። «አንድ ጊዜ ፊቷን እያየሁ አብሬያት ልብላ። ሌላ አልፈልግም።» ጋሽ በላቸው አንኮበር ተመላልሰው፣ ለምነው፣ ተቆጥተው፣ በመጨረሻ እትዬ አስካለ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር እቴቴ ቤት ሊመጡ እሺ አሉ። እኔ የታዘዝኩት ያን ጊዜ ነው።

ኖራውን ቀብቼ ስጨርስ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ባዶውን ነጭ ሆኖ ቆመ። ነጭ ግድግዳ ሳይ አያስችለኝም። የሁለቱን ታሪክ በድመት ሥዬ እዚህ ብሰቅለው፣ እትዬ አስካለ ገብተው ቢያዩት፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ቢያለቅሱ፣ ጋሽ በላቸውም «ለካ ያስታረቃቸው የዚህ ልጅ እጅ ነው» ቢሉ ብዬ አሰብኩ። አልዋሻችሁም፣ የመጨረሻዋን ብዙ ጊዜ አሰብኳት።

ለማንም ሳልናገር ሱቄን ዘግቼ ሣልኩት። በመጀመሪያው ክፍል አያቴ በርኖሱን የለበሰ ግዙፍ ወንድ ድመት ሆኖ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ሦስት ግልገሎች፣ መሐለኛዋ እናቴ። በሁለተኛው ልጆቹን በበቅሎ አድርጎ ቁልቁል አሊዩ አምባ ገበያ ይወርዳል፤ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ነጋዴ ድመት ለልጆቹ ቴምር ያድላቸዋል። ይህን እቴቴ ደጋግማ ነግራኛለች፣ ሰውየው ሲያዩዋቸው «ማሻአላህ፣ ዛሬም ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ» ይሏቸው ነበር። በሦስተኛው እቴቴ ተድራ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ ትንሿ ድመት ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። በአራተኛው ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ መሶብ ቀርበው ይበላሉ፤ የአባታቸው በርኖስም የሁለቱንም ትከሻ ያለብሳል።

ሐሳቡ ይህ ነበር። ያጠፋኝ ሦስተኛው ክፍል ነው። ሠርጉ ጣመኝ። ከበሮ የሚመታ ድመት ሣልኩ፣ ሁለተኛ ከበሮ መቺ ጨመርኩ፣ ሚዜዎች አስከተልኩ፣ እስክስታ የሚወርዱትን ደረደርኩ፣ በቅሎዋን አስጌጥኩ። ቀና ስል ለእርቁ የተረፈው ቦታ ከቀኝ ጠርዝ ያለች ጠባብ ቁራጭ ናት። እቴቴን እዚያ ውስጥ ፊት ለፊት ደልደል አድርጌ አስቀመጥኳት፤ ያሳደገችኝ ናትና እሷን ማጥበብ አልሆነልኝም። ለእትዬ አስካለ የቀረው የጣት ስፋት ነው። ከጎን ሣልኳቸው። ከጎን የተሣለ ድመት ቀጭን ነው፤ ጢሙም ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚወጣ ቦታ ይቆጥባል። በርኖሱም ለሁለት ትከሻ አልዳረስ ሲለኝ ጫፉን በመዳፋቸው አስያዝኳቸው። መዳፉ ባዶ መሰለኝና ጥፍር ጨመርኩበት። ራቅ ብዬ አየሁት፤ በገዛ ሥራዬ ልቤ ተነካ።

በሚካኤል ዕለት ጠዋት አንኮበር ስደርስ ጉሙ አልተነሳም ነበር። እትዬ አስካለ አጥር በሩ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ። ብብታቸው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የሚኒባሱ ረዳት «ጣሪያው ላይ ልጫንልዎት» ቢላቸው እንቢ አሉ፤ ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«ዳቦ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«አንተ መንገዱን እይ» አሉኝ።

ጥቂት እንደሄድን ግን እሳቸው ጀመሩ። «ጉልበቷ እንዴት ነው?» አሉ። ብርዱ እንዳልተስማማው ነገርኳቸው። «በርበሬ ታበዛለች አሁንም?» አሉ። ታበዛለች አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች?» ብለው ጠየቁኝ። እንደምትሸፍን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «ጥርሷ ልጅ ሆና ሲነቀል የጀመራት ነው» አሉ። አንድ ጎድጓዳ ላይ ሚኒባሱ ሲነጥር የነጠላው ጫፍ ገለጥ አለና ጥቁር ሱፍ አየሁ። በርኖሱን ይዘውላት ሊሄዱ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እግዜር ሥዕሌን ከበርኖሱ ጋር አገጣጠመው ብዬ ነበር እኮ በሞኝ ልቤ።

እቴቴ ደጅ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ተሳሳሙ፣ አለቀሱ፣ እንደገና ተሳሳሙ። ጋሽ በላቸው ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸውና ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ዳቦው ተባረከ። እትዬ አስካለ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጫፉን ይፈቱታል፣ ይቋጥሩታል። ሰው እስኪበላ እየጠበቁ መሆናቸው ያስታውቃል። እኔ ግን መጠበቅ የማያውቅ ፍጡር፣ ተነስቼ «አንዴ ልረብሻችሁ» አልኩና ሥዕሉን የጋረድኩበትን መጋረጃ ሳብኩት።

መጀመሪያ ሳቁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ሳቁ። «አባባ!» አለች እቴቴ። እትዬ አስካለ ተነስተው ቀረቡ፤ ቴምር የሚያድለውን ነጋዴ አይተው በጣታቸው ነኩት። ሦስተኛው ላይ «ይህች የምታለቅሰው እኔ ነኝ?» አሉኝ፤ አዎ ስላቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ አራተኛው ጋ ደረሱ። ሳቁ ቆመ። የዝክሩ ሰዎች ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እኔም ከሰው ጋር አብሬ ቀና ስል ያን ጊዜ ገና የሠራሁትን አየሁት።

እኛ እኮ እናቶቻችን ጀርባ ላይ ከታዘልንበት ጊዜ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ጻድቅ የሆነ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ከሀዲው፣ ገራፊው፣ ሌባው፣ ሰይጣኑ ከጎን ነው የሚሣለው፣ ባለ አንድ ዓይን። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም፤ ማንም ግን አይስተውም። እኔም ሥዕል የተማርኩት እሱኑ እየገለበጥኩ ነው። እጄ ግን የማስታወቂያ እጅ ነውና ቦታ ሲያጣ ሃይማኖቱን ረሳ።

«በቅሎዋ እንኳ ሁለት ዓይን አላት» አሉ እትዬ አስካለ ቀስ ብለው።

ነበራትም። ከበሮ መቺዎቹም፣ ሚዜዎቹም፣ በሩ ሥር ያጮለቀችው አይጥም ነበራቸው። በዚያ ሁሉ ፍጥረት መካከል ባለ አንድ ዓይን አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ጥፍሯን አውጥታ ከእህቷ ትከሻ ላይ በርኖስ ትጎትታለች።

«እዚህች ላይ ማርሽ እንቀንስ» አሉ ጋሽ በላቸው ተነስተው። «ይህ ከጎን ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ዓይን በወዲያ በኩል አለ።» ይህን ብለው የአቡጀዲውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ከጀርባው አዩ። ምን ሊያገኙ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። እዚያ የነበረው የኔ ኖራ ብቻ ነው። «ደግሞስ እየጎተተቻት መሆኑን በምን አወቃችሁ? እያለበሰቻት ይሆናል» አሉ።

«ጥፍሩ ታዲያ ምን ያደርጋል?» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ በላቸው ጥፍሩን አዩና ተቀመጡ። በዚህ መካከል እቴቴ በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይህን እትዬ አስካለ ዞር ሲሉ አዩት። እህታቸው አፏን የምትሸፍነው ስትስቅ ብቻ መሆኑን እንግዲህ ከልጅነታቸው ያውቃሉ።

«ይህን ልታሳዪኝ ነው የጠራሽኝ?» አሏት። አልጮኹም። ቢጮኹ ጋሽ በላቸው ይችሉበት ነበር። «ለሰው ነግረሽ አንሶሽ፣ ግድግዳ ላይ አሣልሽኝ?»

እቴቴ ልትነሳ ከዘራዋን ትፈልግ ጀመር። እትዬ አስካለ የተፈታውን የጥቅል ጫፍ ቋጠሩት። የተቆረሰላቸውን ዳቦ ሳይቀምሱ መሶቡ ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀምጠው ወጡ። እስከ መናኸሪያው ተከትዬ ሮጥኩ። ሣልኩት እኔ፣ እቴቴ ምንም አታውቅም፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ሠርጉን አብዝቼ ቦታ አንሶኝ ነው አልኳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው ያዩኝ።

«ለኔ ሲሆን ቦታ ያንሳል» አሉኝ።

ስመለስ የዝክሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። እቴቴ ብትሰድበኝ፣ የያዘችውን ነገር ብትወረውርብኝ ደስ ባለኝ። «ምሳህን ብላ» ነው ያለችኝ። ሥዕሉን ላወርደው ስነሳ ደግሞ «ተወው» አለች። ለቅጣት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ወንበሯን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ፣ ጥጥ እየፈለቀቀች አገኛታለሁ። እሱም ለኔ ቅጣት መሰለኝ፤ ለካ ሰው በራሱ ጥፋት ሲጠመድ ሁሉም ነገር ስለ እሱ ይመስለዋል።

እኔም ልጠግነው ቆረጥኩ። ለእቴቴ ቫርኒሽ ልቀባው ነው ብዬ አወረድኩና ሱቅ ወሰድኩት። መጀመሪያ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩ። ፊቱ የዞረው ወደ ጎን ነውና ሁለቱም ዓይኖች አንድ ጉንጭ ላይ ገጠሙ። ጋሽ በላቸው ሱቅ ብቅ ብለው አዩትና «አሁንስ ከመጠን በላይ የምታይ ሆነች፤ ይቺ ጎረቤት ብትሆን አልኖርም» ብለውኝ ሄዱ። ዓይኑን በጥላ ልሸፍን ብል የተመታች መሰለች። ቆብ ላድርግላት ብል የነጋዴውን ቆብ የሰረቀች መሰለች። በመጨረሻ ሁሉንም በቢላ ፋቅሁ። ከእቴቴ ትከሻ ላይ ቦታ ወሰድኩ፣ ከበሮ መቺ አጠፋሁ፣ ለእትዬ አስካለ የሚገባቸውን ሰጠኋቸው። ፊት ለፊት ሣልኳቸው፤ በሁለት ዓይን፣ በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ በሚበልጥ ዓይን። ጥፍሩ ገባ። በርኖሱም ሁለቱን እኩል አለበሰ። በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ ለክቼ አላውቅም።

ጠቅልዬ አንኮበር ሄድኩ። እትዬ አስካለ ተቀብለው አስገቡኝ፤ ትኩስ ዳቦ ቆረሱልኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። ሥዕሉን ዘርግቼ ስለ እያንዳንዷ ዓይን ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። «ጥሩ ነው» አሉኝ። «እጅህ ይባረክ። ወስደህ ስቀልላት።» በርኖሱ የት እንደሆነ አላየሁም፤ ሳጥኑ ግን ተቆልፏል። ብርዱን ጠየቁኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ፣ መንገዱን ጠየቁኝ። ስለ እቴቴ ጉልበት አልጠየቁኝም። በር ድረስ ሸኙኝና ጉም ሳይወርድ ቶሎ ግባ አሉኝ።

እንደዚያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ቢያንስ እቴቴ ትጽናናለች አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለች ገብቼ ሰቀልኩት። ስትመለስ ከዘራዋን አስደግፋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ቀና አለች። ብዙ አየችው።

«ይቺ ማናት?» አለችኝ።

«እትዬ አስካለ ናቸዋ» አልኳት። «አስተካከልኳቸው። ዓይናቸውን እዪው እስቲ፣ አሁን ምንም የሚያስቀይም የለውም።»

«ፊት ለፊት ሆናለች» አለች።

«አዎ። ጻድቅ አደረግኋቸው።»

እቴቴ ጥጧን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ያችኛዋ እኔን ነበር የምታየው» አለች። «በአንድ ዓይኗም ቢሆን ፊቷን ወደኔ አዙራ እኔን ነበር የምታየው።»

እሷ የተቀመጠችበት ወንበር አጠገብ ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ። ሁለቱ ድመቶች በአንድ በርኖስ ሥር፣ በአንድ መሶብ ላይ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ወደ አንዳቸው አልዞሩም። በአራት ትልልቅ ዓይኖቻቸው የሚያዩት እኔን ነው።